የድሬ ፈርዳ ዳኛ

«ሐዘን ላይ ሆነሽ ስጠራሽ አፍሬያለሁ» አለ የቅርስ መዝጋቢው ዘርአጽዮን፣ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አቀርቅሮ እንደ ቆመ። «ግን መዝገቡ ዛሬ ይዘጋል። ሜዳው ካልተመዘገበ ነገ ዶዘር ይገባበታል።»

ፌናን ከፍራሹ ላይ ተነሣች። አባቷ ጃራ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ካርታ የሚጫወቱት ጎረቤቶች ጨዋታቸውን አቆሙ፤ ይህ ደግሞ በለቅሶ ቤት እንዲሁ የሚሆን ነገር አይደለም። ከጥግ በኩል «ሣልስቱ ሳይወጣ?» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። እናቷ ደሪቱ ግን ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጥ አድርጋ፣ «ሂጂ ልጄ» አለች። «እሱ ቢሆን እስካሁን አይቀመጥም ነበር።»

ሜዳው ከድንኳኑ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ለሚ ኩራ ዳር፣ ከአዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ። የቀሩት ሦስት እርከን የድንጋይ መቀመጫ፣ አንድ ገንዳ፣ ደረጃው የተሸራረፈ ሰገነትና መሬት ውስጥ ግማሹ የተቀበረ የመድረሻ ድንጋይ ናቸው። የአፈሩ መሮጫ ዛሬም ዙሪያውን ይታያል፤ ሣሩ እዚያ ላይ ሳሳ ብሎ ነው የሚበቅለው።

የሰፈሩ ሰው ጃራን የሚያውቀው በትምህርት ቤት ዘበኛነቱ ነው። ትናንት «ደግ ዘበኛ ነበር» ሲሉ ሰምታ ፌናን ከንፈሯን ነክሳለች። እሷ የምታውቀው ጃራ ሌላ ነው። ገርጂ አንድ ቢሮ ውስጥ የሕንፃ ንድፍ ትሠራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አባትና ልጅ ይህን ሜዳ ድንጋይ በድንጋይ ለክተው ንድፉን አንሥተዋል።

«ሜትር አምጥቼልህ የለ፣ አባዬ? ገመዱን ተወው።»

«ይሄ ሜዳ የተሠራው በገመድ ነው። ሜትርሽን የት ያውቀዋል!»

ለነገሩ በሁለቱም ለኩት። ገመዱና ሜትሩ የተለያዩት በዙሩ ሁሉ አንድ ስንዝር ብቻ ነበር፤ ጃራ ያን ቀን ለደሪቱ ሦስት ጊዜ ነገራት።

ሜዳው ሲደርሱ ዘርአጽዮን ባለፈው ሳምንት ብቻውን መጥቶ የሞላውን ቅጽ አነበበላት። «የቦታው ስም፣ ፍርድ ሜዳ። አገልግሎቱ፣ የጥንት ሸንጎ።»

ሁለት ቀን ስታለቅስ የቆየችው ፌናን ሳቀች። «የምን ፍርድ! ድሬ ፈርዳ ነው። ፈርዳ በኦሮምኛ ፈረስ ማለት ነው። ፈረስ የሚሽቀዳደሙበት ሜዳ ነው።»

«ውይ! እኔ ደግሞ ሰገነቱን ሳየው የዳኛ መቀመጫ መሰለኝ።»

«የዳኛስ ነው። የእሽቅድምድም ዳኛ። አባዬ ነበር የሚቆምበት።»

እየተሳቀቀ ሰረዘና አስተካከለ። «ንድፍሽ እንከን የለውም። ግን ውድድሩን በዓይኑ ያየ ምስክር መፈረም አለበት። አባትሽ ነበሩ የሚፈርሙት። ሌላ ሰው አለ?»

አለ። አንድ ብቻ፤ የአባቷ ወንድም ቢቂላ። ከአብዮቱ በፊት በተደረገው የመጨረሻ ውድድር የቢቂላ ፈረስና ከሌላ ወረዳ የመጣ ሰው ፈረስ እኩል የደረሱ መሰለ። ሕዝቡ «ቢቂላ! ቢቂላ!» ሲል ጃራ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ፣ ወንድሙ በአንድ ጭንቅላት መቀደሙን ተናገረ። አባታቸው ሳይቀሩ ቢለምኑት፣ «ወንድሜን እወደዋለሁ፤ መስመሩ ግን አያውቀውም» አለ። ከዚያ ወዲህ ቢቂላ ከጃራ ጋር ቃል አልተነጋገረም። የጃራ ሠርግ ላይ አልተገኘም። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ማንንም ሳያናግር ሄደ።

ፌናን ደወለችለት።

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎ ካልመሰከሩ ድሬ ፈርዳ ነገ ይፈርሳል።»

ስልኩ ውስጥ የታክሲ ረዳት ጩኸት ይሰማል። «ኢምፔሪያል ደርሻለሁ» አለ ሽማግሌው። «ወደ እናንተው እየመጣሁ ነበር።»

ከዘራውን ይዞ ብቻውን ወደ ሜዳው መጣ። ፌናንን አንገቷን አቅፎ ሳማትና ወደ ገንዳው አለፈ።

«ይሄ ምን ነበር፣ አባባ?» አለ ዘርአጽዮን።

«ገንዳ ነው፤ የፈረሶቹ። ላባቸው ሳይደርቅ ውኃ አይሰጣቸውም ነበር። ያ ሰገነት የዳኛው ነው።»

«ዳኛው ማን ነበሩ?»

ቢቂላ በከዘራው ወደ ቅጹ አመለከተ። «ጻፍ። ጃራ። ሰው የማይገዛው ዳኛ።»

የፌናን ደረት በኩራት ሞላ፤ እንባዋም ሳይታወቃት ወረደ። ቢቂላ ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ፈረመ።

«አንድ ፎቶ ብቻ ቀርቷል» አለ ዘርአጽዮን። «የድንጋዩ መጠን እንዲታወቅ መድረሻው ላይ ይቁሙልኝ።»

ሽማግሌው ሄዶ ድንጋዩ አጠገብ ቆመ። ቀና ብሎ ባዶውን ሰገነት አየ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«ትንሽ ወደ ፊት፣ አባባ።»

«አይ» አለ ቢቂላ ባርኔጣውን እያወለቀ። «ያን ቀን እዚህ ነበርኩ።»