የሙሀይሚን የመሳፈሪያ ወረቀት

ሬሳው ያልተገኘ ሰው ክፉ እንግዳ ነው፤ አይገባም፣ አይሄድም። ቡታጅራ፣ በርበሬ ነጋዴዋ ሃሊማ ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ልጇ ሙሀይሚን በጀልባ ወደ የመን ሲሻገር ባሕር ውስጥ ቀረ። አብሮት የነበረው ሙስተፋ ተርፎ መጥቶ፣ ሲሰምጥ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ማለ። ሃሊማ ግን ጀናዛውን ሳላይ አላምንም አለች። ሬሳው በሌለበት የሙት ሶላት እንዲሰገድለት ሽማግሌዎች ቢለምኗት አሻፈረኝ አለች፤ እናት እንቢ ካለች ደግሞ ማን ደፍሮ ይቆማል?

በዚህ መሃል ያለቀችው እህቱ ሩፋይዳ ናት። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ እናቷ ይመጣል ብላ በሩን ገርበብ ታደርጋለች፤ ያኔ ሩፋይዳ ከግቢው የወንድሟን ሳል ትሰማለች። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ገብታም ለእረፍት በመጣች ቁጥር ሳሉ ይቀበላታል። ፈራች፣ በጣም ፈራች። ይሰገድለትና ይረፍ፣ እኛንም ይተወን እያለች ዱዓ ታደርግ ነበር። ዘንድሮ በስንት ልመና ሃሊማ ለፊታችን ጁምዓ እሺ አለች።

ይሄኔ ነው የጨረቃው ጣጣ የመጣው። አሜሪካኖች አራት ሰው ጭነው ጨረቃን ሊዞሩ ነው፤ ስሙን የላከ ሰው ስሙ በመንኮራኩሯ ይሄድለታል ተባለ። የዶርሟ ልጆች እየተሳሳቁ የራሳቸውን ሲልኩ ሩፋይዳ የወንድሟን ላከች። መቃብር ባይኖረው ስሙ እንኳ አንድ ቦታ ይድረስ ብላ ነው። የመሳፈሪያ ወረቀት ዓይነት ነገር በስልኳ ሲመጣላት፣ አሳትማ ለእናቷ ይዛ ሄደች።

እዚህ ላይ ተሳሳተች። በዚያ አገር ልጁን ወደ ዓረብ አገር ያልሸኘ ቤት የለም፤ በወረቀት የሄደና ያለ ወረቀት የሄደ አንድ እንዳልሆነ ሕፃን ያውቀዋል። ወረቀት ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል፣ ይደውላል፣ ይመለሳል። ሃሊማ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። ሩፋይዳ የሚሄደው ስሙ ብቻ ነው ብላ ብታስረዳ ማን ሰምቷት! ሶላቱ ቀረ። መንኮራኩሯ ከጨረቃ ጀርባ ገብታ ድምፅ ጠፍቶ የተመለሰ ጊዜማ ሃሊማ ባሰባት፤ ድምፁ የጠፋ ሁሉ አልሞተም እያለች ጎረቤት ለጎረቤት ዞረች። ያን ዕለት ሳሉ መስኮቱ ሥር ደረሰ።

መንኮራኩሯ ስትመለስ ቴሌቪዥን ሲያሳይ እናትና ልጅ አብረው አዩ። በጃንጥላ ተንጠልጥላ ወርዳ ባሕር ላይ አረፈች። ሃሊማ ባሕሩን ስታይ ክው አለች፤ መመለሻው ባሕር መሆኑን ማንም አልነገራትም። ወዲያው ጀልባዎች ደረሱ፣ ሄሊኮፕተር አንዣበበ፣ አራቱን ሰዎች አንድ በአንድ አወጧቸው።

«ጀልባዎቹ ከየት መጡ?» አለች ሃሊማ።

«ቀድመው እየጠበቋቸው ነበር፣ እማ።»

የእናቷ ፊት ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ሲወርድ ሩፋይዳ አየች።

«የእኔን ልጅ የጠበቀው አልነበረም» አለች ሃሊማ። «ሂጂ፣ ለኢማሙ ንገሪያቸው። ይሰገድለት።»

ሩፋይዳ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ለምናዋለች። ሂጃቧን አስተካክላ ተነሳች፣ ግን በሩ ድረስ ሄዳ ቆመች። አሁን ሄዳ ከተናገረች ወንድሟ ሊሞት ነው። እናቷ አጠገብ ተመልሳ ተቀመጠች።

«እማ» አለች፣ «ነገ ብናደርገውስ?»