ሁለት እሳት በአንድ ወጥ ቤት

ወላጆቼ ወጥ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት አይደሉም፤ ጎረቤታሞች ናቸው። እናቴ በግራ በኩል የኢንዶኔዥያውን ምግብ ትሠራለች፣ አባቴ በቀኝ በኩል የቻይናውን። በመካከላቸው የወለሉን ውሃ የሚያወጣ ቀጭን የሲሚንቶ ቦይ አለ፤ «ወንዙ» ይሉታል። እናቴ ጨው ያለቀባት እንደሆነ ቦዩ ጠርዝ ላይ ትቆምና «ጎረቤት፣ ጨው ታበድረኛለህ?» ትላለች። አባቴም እጁን በሽርጡ እየጠረገ «ያለፈውን መቼ መለስሽና!» ይላታል። ብሎም ይሰጣታል። ሳይፈቀድ ወንዙን መሻገር፣ የሌላውን ድስት መክፈት፣ የሌላውን እሳት መነካካት ነውር ነው። አንደኛው በሚያርፍበት ቀን ግማሹ ሜኑ አብሮት ያርፋል። የሰፈሩ ሰው ይህን ስለለመደው ገና ከበሩ ላይ «ዛሬ የማን ቀን ነው?» እያለ ነው የሚገባው።

እናቴን ሙያውን ያስተማረቻት ኢንዶኔዥያዊት እንጀራ እናቷ ናት። አባቴ ደግሞ በወጣትነቱ ጭነት መርከብ ላይ ሲሠራ ከአንድ ቻይናዊ ምግብ አብሳይ ተማረ። ሲጋቡ ሁለቱም የየራሳቸውን ሬስቶራንት የመክፈት ሐሳብ ነበራቸው። ለዚያ አቅም ስላልነበራቸው አንዱን ቤት ለሁለት ከፈሉት። ሩቅ አገር ስማር ይህን ለጓደኞቼ እንደ ቀልድ አወራው ነበር። ተመልሼ ስመጣ ግን የሚያስቅ ነገር አልጠበቀኝም።

የአባቴ ቀኝ ትከሻ ተበላሽቶ ነበር። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሳ፣ በተለይ መጥበሻ ማወዛወዝን ጨርሶ እንዲረሳው አስጠንቅቆታል። የአባቴ መጥበሻ ደግሞ ለአንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ባንዴ የሚጠብስ ጎድጓዳ ብረት ነው፤ ስሙም «ዝሆኑ»። እንግዲህ ዝሆኑ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ የቀኙ ምድጃም ጠፋ። እናቴ በግራ በኩል ሬንዳንጓን፣ ያን በኮኮናት ወተት የሚበስል የሥጋ ወጥ፣ ታንተከትካለች፣ የኦቾሎኒ ሶሷን ታማስላለች። የወንዙን ማዶ ግን አቧራውን እንኳ አትጠርግም።

አባቴ ውሎውን ወደ መመገቢያው አዳራሽ አዛወረ። በሩ አጠገብ ይቀመጥና ወንበር ያስተካክላል፤ የተስተካከለውንም መልሶ ያስተካክላል። ሁሉም «ጋዜጣ» የሚለው አስተናጋጃችን መላ ቅጡ ጠፋው።

«እህቴ፣ ጋሼን አንድ ነገር አድርጊልኝ» አለኝ። «ትናንት አንዲት ሴትዮ የቻይናውን ሾርባ አዘዘች፤ እሳቸው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? ‹እኔ ብሆን አላዝም፤ ጥሩ አድርጎ የሚሠራው ሰውዬ የለም›!»

እኔ የመጣሁት ለጥቂት ጊዜ ነበር። እዚህ ስሆን እዚያ ይሻለኝ ነበር የምል፣ እዚያ ስሆን ደግሞ እዚህ የምናፍቅ ሰው ስለሆንኩ፣ ሻንጣዬን እንኳ በቅጡ አልፈታሁም። ግን የተማረ ሰው መፍትሔ ያመጣል ተብሎ ይጠበቃል፤ እኔም አመጣሁ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ሁለቱን አስቀምጬ፣ የቻይናው ግማሽ ይዘጋ፣ ሜኑው በእማዬ ምግብ ብቻ ይታተም አልኩ።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ?» አልኩና ጨመርኩበት።

«ይባላል» አለ አባቴ። «የተሰበረው ባላ ግን ቁጭ ብሎ ሲሰማ አይባልም።»

እናቴ አፍጥጣ አየችኝ። «ሰውዬው በሕይወት እያለ ቦታውን ልውረስ ነው የምትይኝ?»

«ታዲያ አንቺ ሥሪዋ የእሱንም!»

«ጠይቆኛል እንዴ?»

«ፈልገሻል እንዴ?» አለ አባቴ፤ ተነሥቶም ወንበር ሊያስተካክል ሄደ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። እሷ ሳትጠየቅ አትሻገርም፣ እሱ ደግሞ ቢሞት አይጠይቅም። እኔም መካከላቸው ቆሜ የትኛውን እንደምገፋ አላውቅም።

በማግስቱ አባቴ ያገለገለ የሬስቶራንት ዕቃ ለሚገዛ ነጋዴ ስልክ ደውሎ ምድጃውን እንዲያይለት ጠራው። ማንንም አላማከረም። ምድጃው ከወጣ ለአባቴ በዚህ ቤት ውስጥ የሚቆምበት ቦታ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቅ ነበር። እናቴ ያን ቀን ሬንዳንጉ ላይ ጨው አበዛች።

ነጋዴው ጠዋት እመጣለሁ ብሎ ምሳ ሰዓት ላይ መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ምድጃውን አንኳኳ፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አየ፣ የጋዙን ቧንቧ ዳበሰ።

«ይነዳል፣ ጋሼ?»

«ይነዳል።»

«ሲነድ ልየዋ። የአልጋ ቁራኛ የሆነ ምድጃ ደኅና ነው እያሉ የሸጡልኝ ብዙ ናቸው።»

አባቴ በአገጩ ጠቆመኝ። «ለኩሺው።»

ለኮስኩት። ያ እሳት ሲነድ እንደ ነፋስ ነው የሚጮኸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ ነው። አዳራሹ ውስጥ ወሬ ሲቋረጥ ተሰማኝ። ነጋዴው ግን አልረካም፤ ብረት ተጥዶበት ማየት ፈለገ። አባቴ ትናንት የተቀቀለውን ሩዝ እንዳመጣ አዘዘኝ። ዝሆኑን ከግድግዳው አውርጄ ጣድኩ፣ ዘይት አፈሰስኩ፣ እንቁላል ሰበርኩ፣ ሩዙን ጨመርኩ፣ ዝሆኑን በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ላይ ወረወርኩ። ዝሆኑ እንደምንም ተነሣ። ሩዙም ተነሣ፣ ግን አልተመለሰም።

ጋዜጣ በምግብ ማውጫው መስኮት አንገቱን አስግጎ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» አለ።

አባቴ ሳያስበው መጥበሻውን ሊይዝ ቀኝ እጁን ሰደደ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ፤ ትከሻውን ይዞ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ጎረቤት» አለች እናቴ። ወንዙ ጠርዝ ላይ ቆማለች። «ልሻገር?»

እሳቱ ባዶውን ይጮኻል።

«ጎረቤት! እየጠየቅኩህ እኮ ነው!»

«ነይ» አለ፤ እሷን ሳያይ፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ሩዝ እያየ።

እናቴ ባለ ሁለት ጆሮ ትንሽ መጥበሻዋን ይዛ ተሻገረች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መጥበሻ ነዋ።»

«ይሄማ የእንቁላል ነው! የአንድ ሰው ምግብ እንኳ አይችልም።»

«የአንድ ሰው ይችላል። ትልቁን ማን ሊያነሳልህ ነው? እኔን ዝሆን ጎታች አደረግከኝ?»

ጣደችው። ሩዙን እንደ ሶሷ ቀስ እያለች ማዞር ጀመረች። አባቴ መታገሥ አቃተው።

«አታማስዪው! ወጥ አይደለም!»

«ታዲያ ምን ላድርገው፣ ልለማመጠው?»

«ወደ ፊት ግፊና ወደ ራስሽ ንጠቂው! ንጠቂው አልኩሽ! ድምፁን ስሚ፤ ጩኸቱ ሲቀንስ ሩዙ ላብ አላበው ማለት ነው።»

«አንተው አላበህ!»

ነጋዴው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን እያየ ይስቃል። የመጀመሪያው ሩዝ በአንድ ወገን ጥቁር፣ በሌላው ነጭ ሆኖ ወጣ። እናቴ ሁለተኛውን ጀመረች። እጇ ገና መንገዱን ሲያገኝ አባቴ አፍንጫውን ቀና አደረገ።

«ጎረቤት፣ ድስትሽ ሊይዝ ነው!»

የኮኮናቱ ወተት ማረር ጀምሮ ነበር። እናቴ የመጥበሻውን ጆሮዎች ከነጨርቁ እጄ ላይ ጥላ ወደ ማዶ ሮጠች፤ እሳቱ ፊት እኔ ቀረሁ።

«እኔን አትዪ» አለ አባቴ ከኋላዬ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «እሳቱን እዪ። ግፊ። አሁን ሳቢ። ፈርተሻል፤ ሩዝ ደግሞ ፍርሃት ያውቃል። እንደገና።»

ሩዙ ተነሣ፣ በአየር ላይ ዞረና ተመለሰ። ሁሉም አልተመለሰም፤ አብዛኛው ግን ተመለሰ። አባቴ በግራ እጁ ሽንኩርቱን በተነው፣ ጥቁሩን የአኩሪ አተር ሶስ በመጥበሻው ዳር ዙሪያ አዞረው፤ ያ የለመድነው የጭስ ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላው።

ነጋዴው ቆሞ በላ። ሳህኑንም አጸዳ።

«ምድጃው አንደኛ ነው። እወስደዋለሁ።»

እናቴ ማዶ ሆና ማማሰሏን አቆመች። አባቴ የሚነደውን እሳት አየ።

«ምድጃው አይሸጥም።»

«ጋሼ! ራስዎ ጠርተውኝ እኮ ነው!»

«መጥራቱንስ ጠርቼሃለሁ። ባዶ እጅህን አትሄድም» አለና ወደ ዝሆኑ ዞረ። «ይህን ውሰድ።»

«አንተ ሰው!» አለች እናቴ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ ጎረቤት ማለቱን ረሳች። «ዝሆኑን?»

«ለእኔ ክንድ የተገዛ ነው። ክንዱ ደግሞ የለም። ተሰቅሎ ሲያየኝ ይዋል?»

በግራ እጁ ሙቅ ውሃ አፈሰሰበት፣ አሸው፣ እሳት ላይ አደረቀው፣ በጨርቅ ዘይት ቀባው። አንዳችንም አላገዝነውም፤ እንደማይፈልግ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ለነጋዴው ሰጠውና «በሳሙና እንዳታጥበው፤ ከአንተ ለሚገዛውም ንገረው» አለው። ነጋዴው ሳቁን ትቶ በሁለት እጁ ተቀበለው።

ወሬውን ወደ አዳራሹ ያደረሰው ጋዜጣ መሆኑን መናገር አያስፈልግም። ወዲያው ትዕዛዝ በመስኮቱ ይገባ ጀመር፤ ሩዝ፣ ሩዝ፣ ሾርባ፣ ደግሞ ሩዝ። ጥርጣሬዬ ተመለሰ።

«አባዬ፣ በዚህች መጥበሻ አንድ በአንድ ነው የሚሠራው። ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ይጠብቃል?»

«ጋዜጣ» አለ አባቴ፣ «የቻይናው አንድ በአንድ ነው የሚደርሰው በላቸው። የቸኮለ ከማዶ ይዘዝ።»

«ከማዶማ እንኳን ደኅና መጡ!» አለች እናቴ።

በመስኮቱ አየሁ። ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። አንዱ ሰዓቱን አየና ወደ እናቴ ምግብ ዞረ። የቀሩት ተቀመጡ፤ አንዲት ሴት እንዲያውም ኮቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ሰቀለች። ይህ ቤቱን ከመዘጋት ያድነው ይሆን ወይስ አያድነው፣ አላውቅም ነበር። ክንዴ ግን ዝሎ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ያልተሰማኝ ነገር ተሰማኝ፤ ሌላ ቦታ መሆን አላማረኝም።

«ነገ ቀደም ብለሽ ግቢ» አለ አባቴ። «ሽንኩርት አቆራረጥሽ ያሳፍራል።»

«እሺ» አልኩ። እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ጋዜጣ አዲስ ትዕዛዝ ጮኸ፤ ኑድል ነበር።

«አባዬ፣ ኑድሉስ እንዴት ነው?»

«እሱ ሌላ ጣጣ ነው» አለና ከአዳራሹ አንድ ወንበር አስመጥቶ እሳቱ አጠገብ ተቀመጠ። «በይ መጀመሪያ መጥበሻውን አሙቂው።»