የተያዘ ዲግሪ

ደብዳቤው የመጣ ዕለት ገብረ ሕይወት ከደስታው ብዛት በሬዎቹን እንኳ ሳይፈታ ነው ወደ ቤቱ የሮጠው። ታናሽ ወንድሙ አካለ ወልድ ሐምሌ ላይ ከጃንሆይ እጅ ዲግሪውን ተቀብሎ ቢቸና ከገባ ወዲህ፣ ስምንት ወር ሙሉ "ምደባ እየጠበቅሁ ነው" እያለ ጫማውን ሲወለውል ከርሟል። ምደባ! ይችን ቃል በሰማ ቁጥር የገብረ ሕይወት ደም ይፈላ ነበር። አሁን ግን መጣች። ሞጣ፣ መምህርነት።

"ኦሪጅናሉን ዲግሪ ይዘህ በአሥር ቀን ውስጥ ቅረብ ይላል" አለ አካለ ወልድ ሳጥኑን እየበረበረ። "ጋሼ፣ ዲግሪዬን አይተውታል?"

"ወረቀቱን? እሜት ይርጋነሽ ዘንድ ነው።"

"እሳቸው ዘንድ ምን ይሠራል?"

"መያዣ ነዋ።"

አካለ ወልድ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ።

አባታቸው ወልደ ኪዳን ሲሞቱ የተዉላቸው አንድ ለም ማሳ ነበር፣ የወንዝ ዳሩ። አካለ ወልድ አዲስ አበባ ኮሌጅ ሲገባ ገብረ ሕይወት ይህን ማሳ ለእህል ነጋዴዋ ለእሜት ይርጋነሽ በወለድ አገድ ሰጠ። ብሯ እስኪመለስላት አራሿም እሷ፣ ምርቱም የእሷ። ማስመለስ የሚቻለው ደግሞ ሚያዝያ ጊዮርጊስ ሳያልፍ ነው፤ አንድ ቀን ካለፈ ለከርሞ። አራት ዓመት ሙሉ በገዛ አባቱ መሬት ላይ የሰው ጤፍ ሲያሸት እያየ፣ እሱ ጭንጫውን ሲገፋ ኖረ። ልጁ ይማራል፣ ይቀጠራል፣ መሬቱን ያስመልሳል! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ተመራቂው ሲመጣ ደግሞ የአገሩ ሰው "ድግሱስ?" አለ። ሳይደግሱ መቅረት ነውር ነው፤ ገብረ ሕይወት ከእሜት ይርጋነሽ ሌላ ሰባ ብር ጠየቀ። "ምን ታስይዛለህ?" አለችው። መሬቱ ተይዟል፣ ጠመንጃው ተሽጧል፣ በሬ ቢያስይዝ በምን ያርሳል? ያ ማኅተም ያለበት ወረቀት ብቻ ቀረ። ምን ክፋት አለው? እሱ ባደገበት አገር ቅኔ የተማረ ሰው ወረቀት ይዞ ሲዞር ታይቶ አይታወቅም። ደብሩ "እስቲ ተቀኝ" ይለዋል፤ ከተቀኘ ተቀኘ፣ ካልቻለ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ወደ መጣበት። እውቀት ያለው ራስ ውስጥ ነው፤ ማን ወስዶ ያስይዘዋል?

"ያለ እሱ ወረቀት እኮ እኔ ማንም አይደለሁም!" ብሎ ጮኸ አካለ ወልድ።

"አራት ዓመት የተማርከው ከራስህ ላይ ፈሰሰ እንዴ? ተነሥ፣ እንሂድ። እኔ አስረዳቸዋለሁ።"

በጭነት መኪና ከጤፍ ጆንያ በላይ ተቀምጠው ሞጣ ገቡ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ አቶ አምባቸው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው።

"ይኸው ልጁ!" አለ ገብረ ሕይወት። "የፈለጉትን ይጠይቁት። ካልመለሰ እኔን ይሰሩኝ!"

"አባባ፣ እዚህ ፈተና የለም። ኦሪጅናሉን ነው የምንፈልገው።"

"ሰውየው ራሱ ቆሞ የለም እንዴ? ከሰውየው ወዲያ ምን ኦሪጅናል አለ?"

"ፋይል ሰው አይቀበልም፣ አባባ። ወረቀት ነው የሚቀበለው። እስከ ሰኞ ድረስ።"

ገብረ ሕይወት ወደ ወንድሙ ዞረ። አካለ ወልድ ወለሉን ያያል፤ በወንድሙ ጋቢና በጩኸቱ ማፈሩ ፊቱ ላይ ተጽፏል። እኔ ለአንተ ነው እንዲህ የምዋረደው፣ አፍህን እንኳ አትከፍትም? ብሎ ሊጮህበት ፈለገና ዋጠው።

እሜት ይርጋነሽ ክፉ ሴት አይደለችም። ገብረ ሕይወት ቢቸና ተመልሶ ወረቀቱን እንድትሰጠው ለምኗት ሲጨርስ እጁን ይዛ "ልጄ፣ ደመወዝ ሲያገኝ ይከፍላል ብዬ ብሰጥህ፣ ሞጣ ወረቀቱንም ሰውየውንም ይዞ ቢያስቀርስ?" አለችው።

ቦራ የሚባለውን በሬውን ፈታ። ሚስቱ ጥሩአየሁ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። "በአንድ በሬ ምን ልትሆን ነው? ክረምቱ መጣ እኮ!"

"ሲቀጠር ሁለት ይገዛልኛል" አላት። ራሱም አላመነውም።

እሜት ይርጋነሽ በሬውን በሰማንያ አምስት ብር ገምታ ወሰደችው፤ ወረቀቱና አሥራ አምስት ብር ተመለሱለት። የመኪናው ዋጋ አምስቱን ወሰደ፤ አሥሩን በጋቢው ጫፍ ቋጠረ።

ሰኞ ዕለት ሞጣ ላይ አቶ አምባቸው ዲግሪውን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። "እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ አካለ ወልድ!" ብሎ ጨበጠው። ለገብረ ሕይወት ወንበር የሰጠው የለም።

"ደመወዙስ መቼ ነው?" አለ ቆሞ።

"ቅጥሩ ከአዲስ አበባ ጸድቆ እስኪመጣ ነው። ሦስት ወር፣ ቢበዛ አራት። ተጠራቅሞ ይከፈላቸዋል።"

መጋቢት አልቋል። ሦስት ወር ማለት ሰኔ ነው። እስከዚያ ጊዮርጊስ አለፈ፣ ማሳው ለከርሞ ቀረ፣ ቦራም ከንቱ ሄደ። ወይ ትምህርት! ወይ ዕዳ!

ውጭ ሲወጡ አካለ ወልድ ጎሮሮውን ጠረገ። "ጋሼ… ደመወዙ እስኪደርስ ለቤት ኪራይ… አሥር ብር ቢሰጡኝ?"

ገብረ ሕይወት ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታና ሰጠው። ከዚያ የመኪና ብር ስለሌለው የቢቸናን መንገድ በእግሩ ተያያዘው።

በማግስቱ፣ ትምህርትን የፈለሰፈውን ሁሉ እየረገመ ሲሄድ፣ ማሳ ዳር የተቀመጠ አንድ ባላገር ጠራው። "ወንድሜ፣ ከወዴት ነው?"

"ከሞጣ። ወንድሜን አስተማሪ አድርጌ መመለሴ ነው።"

"እሰይ! ባለ ዲግሪ ነው?"

"ነው።"

"እግዜር ነው ያገናኘን! የእኔም ትንሹ ስምንተኛን ሊጨርስ ነው። ማሳዋን አስይዤ ደብረ ማርቆስ ልስደደው እያልኩ ነው። ምን ትመክረኛለህ?"

ገብረ ሕይወት ያን ሁሉ እርግማን ሊያወርድበት አፉን ከፈተ። ከሰውየው ጀርባ አንድ ጎልማሳ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ጥማድ ይመልሳል።

"ያ ማን ነው?" አለ።

"ትልቁ ልጄ ነው። እሱማ የእርሻ ሰው ነው።"

"እንግዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሱን ጠይቀው" አለና ገብረ ሕይወት መንገዱን ቀጠለ።