አንድ ጊዜ ይቅር ያለች ሴት

በትክክል ላላስታውሰው እችላለሁ፣ ማክሰኞ ይመስለኛል፣ ረቡዕም ሊሆን ይችላል፣ ኦክላንድ፣ የፕሮፌሰር ኦዴሳ ቢሮ፣ እናቴ ዕፀገነት ለመጽሐፋቸው ልትጠየቅ ከሳን ሆዜ ቀጥታ ከሥራ መጥታለች፣ የኬርጊቨር፣ በየቤቱ አቅመ ደካሞችን የምታጥብበትን፣ ዩኒፎርሟን እንኳ አልቀየረችም፣ እኔ መካከላቸው ተቀምጬ አስተረጉማለሁ፣ ቃል በቃል፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ በዚህ እኮራለሁ። ፕሮፌሰሯ የሴቶች ጥናት ያስተምራሉ፣ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ሰባን ያለፉ፣ ይህ ትምህርት ሲጀመር እንደ አሳቢ የሚቆጥረው መጽሐፍ የጻፉትን ሴቶች ብቻ ነበር ይላሉ፣ የምታጥበውም የምታበስለውም አሳቢ ናት ብለን የተሟገትን እኛ ጥቁሮቹ ነን፣ ስለዚህ በእኔ መጽሐፍ የማንም ሴት ሐሳብ ያለ ስሟ አይገባም። እናቴ፣ የማጥባቸው ሰዎች እንደሌለሁ ስለሚቆጥሩኝ ፊቴ ሁሉን ያወራሉ፣ የቤቱን እውነት ከባለቤቶቹ ይበልጥ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ትላለች። ተረጎምኩ። ፕሮፌሰሯ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ፣ ይቺን ሐሳብ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር እንዲህ አሳጥሬ ብያት አላውቅም አሉ። እናቴ አፈረች፣ ደስም አላት።

ስምዎን ልጻፍ? አሉ ፕሮፌሰሯ።

ኧረ ምን ያደርጋል፣ እኔ ማን ነኝና፣ ይቅር።

አትፈልግም ብዬ ተረጎምኩ። አትፈልግም። ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብላት በልቻለሁ የምትል ሴት፣ ሆዷ እየጮኸ፣ ሦስቴ በሞቴ እስክትባል እጇን የማትታጠብ፣ ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል፣ ታዲያ አንዴ ደግመው ይለምኗት ማለት ምን ይከብዳል፣ ግን እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ ያልተባለ አልጨምርም።

ከዚያ በሁለተኛው ወር ፕሮፌሰሯ ሞቱ፣ መጽሐፉን ተማሪዎቻቸው ጨረሱት፣ አሁን እናቴ ጉልበት ላይ ነው፣ እንግሊዝኛ አታነብም፣ የስሟን ፊደላት ግን ከአይዲዋ ላይ ለይታ ታውቃቸዋለች፣ በጣቷ መስመር በመስመር ትፈልጋለች፣ ገጹን ገለጥኩላት፣ የራሷ ንግግር አለ፣ ከሥሩ አንዲት የሳን ሆዜ ተንከባካቢ ይላል፣ ስም የለም። እማዬ፣ ይቅር ብለሽ ነበር እኮ። አንተ ልጅ፣ አንድ ጊዜ ይቅር ስላልኩ ይቀራል እንዴ? ሳትቆጣ ነው ያለችው፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ መጽሐፉን ዘግታ ሽፋኑን በመዳፏ ትጠርጋለች፣ አቧራ የለውም።

ምናልባት አጥብቃ እምቢ ብላ ይሆናል፣ ምናልባት ፕሮፌሰሯም ደግመው ጠይቀው ይሆናል፣ እንዲህ እያልኩ ወራት አለፉ። ባለፈው ሳምንት ወረቀቶቻቸው ወደተቀመጡበት ቤተ መዛግብት ሄጄ የዚያን ቀን ማስታወሻ አስወጣሁ። ከእናቴ ንግግር በታች፣ በእጅ ጽሑፋቸው፣ እንዲህ ይላል፦ ስሟን እንደገና ልጠይቃት፣ በሌላ አስተርጓሚ።