የማይራገጥ ሽጉጥ

የትምወርቅ ከሥራ የወጣችው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ሽጉጥ መሸጫው የሚከፈተው ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ነው። በመሀል ያለውን ጊዜ ሶፋው ላይ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተኝታ ጨረሰችው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ሔራን ልትቀሰቅሳት ትከሻዋን ነካ ስታደርጋት ዓይኗን ሳትገልጥ፣

«ነቅቻለሁ፣ ነቅቻለሁ» አለች።

ይህንን የምትለው ሁልጊዜ ተኝታ ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ ፋርመርስ ብራንች በምትባል የቴክሳስ ከተማ ባለ አንድ መጋዘን ሌሊት ሌሊት ካርቶን ስታሽግ ኖራለች። ፕላስተር መሳብ፣ መቁረጥ፣ ካርቶኑን መግፋት፤ እንደገና መሳብ፣ መቁረጥ፣ መግፋት። የቀኝ እጇ አንጓ አብጦ አላሠራ ሲላት ሐኪም ጋ ሄደች። ሐኪሙም «እረፍት ያስፈልግሻል» ብሎ ጻፈላት፤ እረፍት የሚሸጥበትን ፋርማሲ ግን አልነገራትም። እሷም አንጓዋ ላይ ጥቁር ማሰሪያ አድርጋ ወደ ካርቶኗ ተመለሰች።

እንዲህ የዛለች ሴት ሽጉጥ ምን ያደርግላታል ትሉ ይሆናል። ነገሩ የመጣው በዶና በኩል ነው። ዶና እዚያው መጋዘን የምትሠራ፣ ቴክሳስ ተወልዳ ቴክሳስ ያረጀች ሴትዮ ናት። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ኢላማ ለመተኮስ ትሄዳለች፤ እንዲያው ለመዝናናት፣ ሌላው ሰው ቦውሊንግ እንደሚሄደው። ዶና ሰው ጠይቃ አታውቅም፤ ጎትታ ነው የምትወስደው። አንድ ቅዳሜ የትምወርቅን ጎትታ ወሰደቻት። የትምወርቅ የኪራይ ሽጉጥ አነሳች፣ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች፣ የወረቀቱን መሀል በሳችው። ደገመችና ደግሞ በሳችው።

ያን ቀን ሔራን እናቷ በሙሉ ጥርሷ ስትስቅ አየች። ጥርሷ ስንት እንደሆነ ረስታው ነበር።

«ለአንድ ሰዓት እኮ ድካሙ ጠፋብኝ!» አለች የትምወርቅ። «የት እንደጣልኩት እንጃ!»

ወረቀቱንም ፍሪጁ ላይ፣ ከጥርስ ሐኪም ቀጠሮው አጠገብ ለጠፈችው።

ችግሩ ሽጉጡ እንደ በቅሎ የሚራገጥ መሆኑ ነው። በነጋታው አንጓዋ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ሁለት ቀን ከሥራ ቀረች። በሚቀጥለው ወርም እንደዚያው ሆነ። አለቃዋ በሦስተኛው ዝም እንደማይላት ነገራት። ስለዚህ ዛሬ በመኪና ሲሄዱ የትምወርቅ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣

«እጄን የማያሳምም ካገኘሁ አገኘሁ» አለች። «ካላገኘሁ ትቼዋለሁ። መፈለግም ጉልበት ይጠይቃል።»

መኪናውን የምትነዳው ሔራን ይህንን አነጋገር ታውቀዋለች። እናቷ «ትቼዋለሁ» ካለች ትተዋለች። የእንግሊዝኛውን ትምህርት ትታለች። መዘምራኑን ትታለች። ፀጉር መሠራት ትታለች። የቀራት ይቺ የወር አንድ ሰዓት ብቻ ናት።

«ሲግናል! ሲግናል አብሪ እንጂ!» አሉ ከኋላ ጋሼ ሀብቴ።

ጋሼ ሀብቴ የየትምወርቅ የአጎት ልጅ ናቸው፤ የዳላሱ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳሉ። ማንም አልጠራቸውም። «ሴትና ልጅ ብቻቸውን ሽጉጥ ሊገዙ? እኔ ሞቻለሁ?» ብለው ነው ዘለው መኪና ውስጥ የገቡት።

«አብርቻለሁ ጋሼ። እያዩት ነው።»

«ቀደም ብሎ ነው እንጂ የሚበራው!»

ሔራን ለዛሬ የሚበቃትን ቃል መቆጠብ ነበረባት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የእናቷ አስተርጓሚ እሷ ናት፤ ሐኪም ቤት እሷ፣ አፓርትመንት ኦፊስ እሷ፣ ኢንሹራንስ ሲደወል እሷ። «ዕድሜሽ ስንት ነው?» ሲሏት በዚያች ቀጭን ድምጿ የእናቷን ዕድሜ፣ «ሠላሳ ሰባት» ትላለች። ሌሎች ልጆች ቅዳሜ ይተኛሉ ሲባል ትሰማለች።

ሽጉጥ መሸጫው ዘይት ዘይት፣ ብረት ብረት ይሸታል። ከግድግዳው ጀርባ መተኮሻው ስላለ በየመሀሉ ድም፣ ድም ይላል። ከመስታወቱ ባንኮኒ ኋላ ነጭ ጺሙን የለቀቀ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ቆሟል። ሩዲ እባላለሁ አለ።

«ለምንድን ነው የሚፈልጉት፣ ማም? ለቤት ጥበቃ?»

ሔራን ተረጎመችላት።

«ለወረቀት በይው» አለች የትምወርቅ።

ጋሼ ሀብቴ ግን ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ተክለዋል። «ያንን! ያንን ትልቁን አውጣልን በይው!»

ሩዲ ባለ አርባ አምስት ካሊበሩን አወጣ። የትምወርቅ በሁለት እጇ ተቀበለችው፤ አፈሙዙ ወደ ባንኮኒው አዘቀዘቀ።

«ከበደኝ።»

«ሊከብድሽ ነዋ! ሽጉጥ ማለት ሲያዩት የሚያስፈራ ነው።»

«የምተኩሰው ወረቀት ነው ሀብቴ። ወረቀት ምን ይፈራል?»

ባለ ዘጠኝ ሚሊሜትሩ መጣ። ሩዲ የላዩን ብረት ወደ ኋላ ስባ እንድታቀባብለው ጠየቃት። ሳበች፤ አልመጣም። ጥርሷን ነክሳ ሳበች፤ ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ሀብቴ ከእጇ ወሰዱና ቀጭ! አድርገው፣ የሚያጨበጭብ ሰው ካለ ዙሪያቸውን አዩ። አልነበረም።

«ይቺስ?» አለች ሔራን ኪስ የምትገባ ትንሽ ሽጉጥ አይታ። «ቀላል ናት።»

ሩዲ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል። ቀላል ሲሆን ርግጫውን ራሱ አይሸከምም፣ ሀኒ፤ እጅ ላይ ነው የሚጥለው። እናትሽን ይህቺ ነች የምትጎዳት።»

ሌላ አወጣ። ደግሞ ሌላ። አንዱ እጀታው ወፍሮ ጣቷ ምላጩ ጋ አልደርስ አለ። አንዱ ምላጩ ደርቆ በሁለት ጣት ካልሆነ አልሳብ አለ። የትምወርቅ ባንኮኒው ላይ በክርኗ ተደገፈች፤ ዓይኗ እየተከደነ ይከፈታል። ሔራንም ምላሷ ደረቀ። ክብደት፣ ምላጭ፣ እጀታ፣ ርግጫ። እነዚህን ቃላት በሁለት ቋንቋ ማወቅ ለምን እንደሚጠቅማት አልገባትም።

በመጨረሻ ሩዲ ጎንበስ ብሎ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ሽጉጥ አወጣ። አፈሙዙ ረዘም፣ አካሉ ደልደል ያለ ነው፤ ጥይቷ ግን ከእስክሪብቶ ክዳን ታንሳለች።

«ባለ ሃያ ሁለት ካሊበር» አለ። «የሽጉጡ ክብደት ልክ ነው፤ ጥይቷ ደግሞ የምትራገጥበት ጉልበት የላትም።»

የትምወርቅ የላዩን ብረት በግራ እጇ ሁለት ጣት ብቻ ሳበችው። ቀጭ አለ። ቀኝ እጇ እጀታውን ጨበጠ፤ ጣቶቿ ቦታቸውን ሳይፈልጉ አገኙ። ወገቧ ቀና አለ።

«ይቺ?» ጋሼ ሀብቴ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ይቺ እኮ ሲጋራ መለኮሻ ናት! በዚህ ዕድሜሽ መጫወቻ ይዘሽ ልትታዪ?»

የትምወርቅ ሽጉጡን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ውስጥ ገብተው ይሞክሯት፣ ማም?» አለ ሩዲ። «አሥር ጥይት በእኔ።»

ይህንን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። «ኖ፣ ኖ፣ ኖ። ታንኪው።»

«ኦኬ፣ ማም።»

ሩዲ ሽጉጡን መለሰ፣ መስታወቱን ቆለፈ፣ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። የትምወርቅ ዓይን ሽጉጡን ተከትሎ መስታወት ውስጥ ገባና እዚያው ቀረ።

በእነሱ ቤት የመጀመሪያው «አይ» መልስ አይደለም፤ ጨዋነት ነው። ሁለተኛውም ያው ነው። የትምወርቅ ሰው ቤት ሄዳ «ብዪ እንጂ» ስትባል ሆዷ እየጮኸ «በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለች። ባለቤቶቹም ያውቃሉ፤ «በሞቴ» ይሏታል፤ በሦስተኛው ትቀመጣለች። እዚህ አገር ግን ሰው የሚጠየቀው አንዴ ነው።

ይህንን ከሔራን የበለጠ የሚያውቅ የለም። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች፣ እናቷ መጋዘኑ በገባች በሁለተኛው ወር፣ አለቃየው ደወለ። የቀን ሥራ ቦታ ተከፍቷል፣ እናትሽ ትፈልጋለች ወይ አላት። የትምወርቅ ዕቃ እያጠበች፣ «አይ፣ ግድ የለም፣ ለሚቸገር ሰው ስጡት በይው» አለች። ሔራንም አትፈልግም አለች ብላ ተረጎመች። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ፤ በትርጉሟም ኮራች። እናቷ እጇን አድርቃ ቆማ ጠበቀች።

«ደግሞ ምን አለ?»

«ባይ አለ።»

ይኸው ስድስት ዓመት።

«በቃ እንሂድ» አሉ ጋሼ ሀብቴ።

«እንሂድ» አለች የትምወርቅ። «ትቼዋለሁ። ደክሞኛል።»

ሔራንም ደክሟታል። ቁልፉን ከኪሷ አወጣች። እናቷ ከፊቷ እግሯን እየጎተተች በሩ ጋ ደርሳለች። ቤት ሄዶ መተኛት ነበር የቀረው፤ ለሁሉም የሚቀለው እሱ ነበር። ሔራን ቁልፉን መልሳ ኪሷ ከተተችና ወደ ባንኮኒው ዞረች።

«እንደገና ጠይቃት» አለችው ሩዲን።

«አይ አለች እኮ፣ ሀኒ።»

«አይ አላለችም። ማለቴ፣ ብላለች፤ ግን ይቺ ገና አንደኛዋ ናት።»

ሩዲ ጺሙን አከከ። «ስንት ጊዜ ነው የምትጠየቀው?»

«ሦስት።»

ሽማግሌው ሔራንን አየ፣ በሩ ጋ ያለችውን ሴት አየ። «አያቴ ኬክ ሲሰጧት እንደዚህ ታደርግ ነበር» አለና ድምጹን ከፍ አደረገ፤ «ማም! እርግጠኛ ነዎት? አንዴ ቢሞክሯት?»

የትምወርቅ ዞረች። «ኖ፣ ኖ። ችግር የለም።»

ሔራን ቆጠረች፤ ቅድም ሦስት ኖ ነበር፣ አሁን ሁለት ሆኗል።

ሩዲ ሦስተኛውን አልጠየቀም። መስታወቱን ከፈተ፣ ሽጉጡን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ፣ ከጎኑ የጆሮ መሸፈኛ አኖረ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«በሞቴ፣ እማ» አለች ሔራን።

«ኧረ አትሙቺብኝ!» የትምወርቅ በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲህ ካላችሁ…»

«ምን ብላችኋት ነው?» አሉ ጋሼ ሀብቴ። የትምወርቅ የጆሮ መሸፈኛውን አድርጋ ወደ መተኮሻው ገብታለች።

ሔራን ከኋላ ቆማ አየች። እናቷ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች። ጧ። ክንዷ አልዘለለም። ጧ። ደግሞ ጧ። በአሥሩም መሀል ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ አልተሰበሰበም። ወረቀቱ ሲመጣ ዘጠኙ ቀዳዳ በብርጭቆ አፍ የሚሸፈን ነው፤ አንዷ ብቻ ጥግ ይዛለች።

«ያቺ ሀብቴ ሲያስነጥስ ነው» አለች የትምወርቅ።

ከዚያ ማሰሪያውን ፈታችና አንጓዋን ወደዚህ፣ ወደዚያ አዞረችው። ቆመች፤ ሕመሙን እንደለመዱት እንግዳ ጠበቀችው። አልመጣም።

«አላመመኝም» አለች ለራሷ።

ባንኮኒው ጋ ሲመለሱ ሩዲ፣ «ታዲያ፣ ይወስዷታል?» አለ። ሔራን ለሦስቱ ዙር ተዘጋጅታ አፏን ስትከፍት እናቷ ቀደመቻት።

«የስ።»

ቅጹን ሲሞሉ ሔራን አንድ በአንድ አነበበችላት። ከሕግ የሸሸች መሆኗን የሚጠይቀው ጋ ስትደርስ የትምወርቅ፣ «መሸሻ ጉልበት ቢኖረኝ እዚህ ምን አቆመኝ?» አለች። ሔራንም «አልሸሸችም» ላይ ምልክት የምታደርግበትን አሳየቻት።

ሲመለሱ ጋሼ ሀብቴ ከኋላ፣ ሽጉጡ ያለበትን የተቆለፈ ሳጥን ጭናቸው ላይ አድርገው አኩርፈው ተቀመጡ። የትምወርቅ ራሷን መስኮቱ ላይ ጣለች፤ የተበሳው ወረቀት እጇ ላይ ነው። ሔራን ቀዩ መብራት እስኪያቆማት ጠብቃ፣

«እማ» አለች። «ያኔ፣ የቀን ሥራው ጊዜ…»

እናቷ ራሷን መስኮቱ ላይ አመቻቸች። ተኝታለች ብላ ሔራን ስትተወው፣ እናቷ ዓይኗን ሳትገልጥ፣

«አሥር ዓመትሽ ነበር» አለች። ትንሽ ቆየት ብላም፣ «ሰኞ አለቃዬን እኔው እጠይቀዋለሁ። አንዴ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሔራን እንዳትቀሰቅሳት መኪናውን በቀስታ አስነሳች።

«ሲግናል» አሉ ጋሼ ሀብቴ፣ በሹክሹክታ።

«ነቅቻለሁ፣ ነቅቻለሁ» አለች የትምወርቅ፣ ተኝታ።