የዛጎል ጥሩር

በመጋዘኑ ግቢ ጥበቃውን «በጉ» እያሉ ነበር የሚጠሩት። ሾፌሮች ሲቆጡት «ይቅርታ ጌታዬ» ብሎ በሩን ይከፍታል። ፀጉሩ እስኪሸብት በር ሲጠብቅ ዱላውን በሰው ላይ አንስቶ አያውቅም።

ታናሽ እህቱ ግን ስለ እሱ እንቅልፍ አጥታለች። ባለፈው ክረምት ሌቦች ተረኛ ጓደኛውን በጩቤ ሆዱን ዘርግፈው እበሩ ላይ ጥለውት ሄደዋል። እሷ የምትሠራው ቤተ ሙከራ ነው፤ የምታጠናውም ዛጎል። ዛጎል የተሠራበት ነገር ከጠመኔ ብዙም አይሻልም። ሆኖም ስስ ንጣፎቹ እንደ ጡብ ተደራርበው፣ በመሃላቸው ለስላሳ ሙጫ ስላለ በመዶሻ ቢመቱት እንኳ እሺ አይልም። ስንጥቁ በየንጣፉ መሃል ሲጠማዘዝ ጉልበቱ ያልቃል። እሷና ባልደረቦቿ በዚሁ ዘዴ ሴራሚክ እየደራረቡ ደረት የሚሸፍን ጥሩር ሠሩ። አንዱን አለቃዋን አስፈቅዳ ይዛለት መጣች።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄን ከሸሚዝህ ሥር ልበሰው።»

«ኤሊ ልታደርጊኝ ነው?»

«ኤሊ ዕድሜዋ ረጅም ነው። ልበስ ብዬሃለሁ።»

እየሳቀ ለበሰው።

ሌቦቹ የመጡት በጠራራ ፀሐይ፣ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ነው። ሦስት ነበሩ። መጋዘኑ ውስጥ የቀሩት በጉና ሁሉም «እትዬ ንብረት» የሚሏቸው የንብረት ክፍሏ ኃላፊ ብቻ ናቸው። አንደኛው ሌባ ገና እንደገባ እትዬን በፌሮ ብረት ግንባራቸውን መታቸው። ካርቶኖቹ መሃል ተዘረሩ።

«ዞር በል፣ አንተ ሽማግሌ» አለ መጥረቢያ የያዘው ረጅሙ ሰውዬ።

በጉ ከተዘረሩት እትዬ ፊት ቆሞ ዞር አላለም። መጥረቢያው ደረቱ ላይ ሲያርፍ ሸክላ የተሰበረ ያህል ጮኸ። ከግድግዳው ጋር ተላተመ፤ ትንፋሹ ጠፋ። እጁን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ደም ፈለገ። ደም የለም። ረጅሙ ሰውዬ ግራ ገብቶት ደገመው። ሁለተኛውም አልገባም። ጓደኞቹ ይህን ሲያዩ ፌሮውን ጥለው እግሬ አውጪኝ አሉ።

በጉ ፌሮውን አነሳ። መጀመሪያ የሰውዬውን የእጅ አንጓ መታው፤ አጥንቱ ቋ ሲል መጥረቢያው ወደቀ። ቀጥሎ ጉልበቱን አለው፤ ሰውዬው ተንበረከከ።

«በቃኝ ወንድሜ፣ በቃኝ።»

ይህን ያለውን አፍ መታው። ጥርስ ሲሚንቶው ላይ ተበተነ። ለሞተው ጓደኛዬ ብሎ ጭንቅላቱን መታው፤ ለእትዬ ብሎ ደገመው። ከዚያ በኋላ ያለው ለማንም ብሎ አልነበረም። ፌሮው በደም ሲያዳልጠው በሁለት እጁ ያዘው። እትዬ ደም ዓይናቸውን ጋርዶት፣ እየዳሁ መጥተው እግሩን ያዙት።

«ተው ልጄ፣ ሞቷል እኮ።»

ሰምቷቸዋል። ሰምቷቸውም አንዴ ጨመረ።

እህቱ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ጥሩሩ በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስንጥቁን በጣቷ ተከተለችው፤ የመጨረሻው ንጣፍ አልተነካም። ፊቷ ላይ ለቅጽበት ደስታ ብልጭ ሲል በጉ አየ። ከዚያ ደም የደረቀባቸውን እጆቹን አየችና ፊቷን ሸፈነች።

«ራሴን ስከላከል ነው በላቸው» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«መጀመሪያማ እየተከላከልኩ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ምንም እንደማይጎዳኝ ሳውቅ ደስ አለኝ። ማቆም አቃተኝ።»

«እኔ ነኝ ያለበስኩህ።»

«ደረቴን ነው የሸፈንሽው። የመታሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ሕይወታቸውን እንዳተረፈ መሰከሩ። ሰውዬው ሲለምነው ሰምተው እንደሆነ ሲጠየቁም አልዋሹም። በጉ እስር ተፈረደበት።

እህቱ እሑድ እሑድ ትጠይቀዋለች። ጥሩሩን ለእሳት አደጋ ሠራተኞች እንዲመች አድርገው እያቀለሉት መሆኑን ነገረችው። ሰማት፤ ስለ ክብደቱም ጠየቃት። አንድ ቀን የገደለውን ሰውዬ ሚስት ፈልጋ ይቅርታ እንድትጠይቅለት ለመናት።

በሚቀጥለው እሑድ ስትመጣ ዓይኖቿ አብጠው ነበር።

«አገኘኋት። የማን እህት እንደሆንኩ ስነግራት በሩን ዘጋችብኝ።»

«እውነቷን ነው» አለ በጉ።

የጥየቃው ሰዓት እስኪያልቅ ጎን ለጎን ተቀመጡ።