የጠጪ በሽታ ነው አሉ

የዘውገ አንገት መፋፋት ሲጀምር በመጀመሪያ ደስ ያላት ሚስቱ የሻሽወርቅ ነበረች። በሸማ ተራ ባሏ የከሳባት ሴት ትታማለች፤ ባሏ የፋፋላት ግን እጇ ይመሰገናል። ዘውገ ደግሞ ሲያገባት መቃ የመሰለ ሰው ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ ከጎጃም መጥቶ ነጠላና ጋቢ መሸጥ የጀመረ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ገዢ ሲያንገላታው እንኳ ፊቱ የማይጠቁር ሰው። ከጆሮዎቹ ሥር ሥጋ ማውጣት ሲጀምር አጠገባቸው ጥጥ የምትሸጠው ባይነሽ «የሻሽ፣ ቅቤሽ በየት በኩል እንደሄደ ታየ» ብላ አሾፈች። የሻሽወርቅም ሳቅ ብላ «ዓይንሽን አንሺልኝ» አለቻት።

ያ ሥጋ ግን እንደ ሌላው ሰው ውፍረት ወደ ሆድና ወደ ዳሌ አልወረደም። በማጅራቱ ግራና ቀኝ፣ ቀጥሎ በሁለቱ ትከሻዎቹ፣ ከዚያም በክንዶቹ ላይ አንድ ሰው ለክቶ እኩል እንዳካፈለው ሁሉ፣ የግራው የቀኙን እየመሰለ አበጠ። ሲነኩት እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ አያመውም። እግሮቹ ግን እንደ ድሮው ቀጫጭን ናቸው። ልብስ ሰፊው ጣሰው ሸሚዝ በሰፋለት ቁጥር ኮሌታውን እያሰፋ፣ እያሰፋ ቆይቶ በመጨረሻ «ጋሼ ዘውገ፣ ኮሌታው ይቅርብዎ፤ አንገቱን ክፍት ልተወው» አለው። ከዚያ ወዲያ ዘውገ በበጋ ፀሐይ ሳይቀር ጋቢውን እስከ ጆሮው መከናነብ ያዘ። የገበያው ሰው «ሻኛው» የሚል ስም አወጣለት። ፊት ለፊት አይሉትም፤ እርሱ ግን ይሰማል። ማታ ቤቱ ሲገባም ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አይተነፍስም።

ጠበሉም ተሞከረ፤ ወጌሻውም እንቅርት ነው ብሎ አንገቱን ተለተለው። ምንም ለውጥ ሲጠፋ የሻሽወርቅ እጁን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችው።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር። የዘውገን ትከሻዎች በሁለት እጁ ይዞ ጫን ጫን አደረገ፤ ክንዶቹንም ዳበሰ። ከዚያ ከአጠገቡ ለቆመው ድሬሰር በራሱ ቋንቋ ረጅም ነገር ነገረው። ድሬሰሩ የተረጎመው ግን አጭር ነበር።

«ይህ ስብ ነው፤ አይገድልም ይላሉ። ቢቆርጡትም ተመልሶ ይመጣል። በአገራቸው የጠጪ በሽታ ነው አሉ። መጠጥ ይተው ብለዋል።»

«እኔ መጠጥ አልጠጣም» አለ ዘውገ።

ድሬሰሩ ተረጎመለት። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ዘውገን ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

«ሁሉም እንዲህ ይላሉ አሉ» አለ ድሬሰሩ፣ የሚቀጥለውን በሽተኛ እየጠራ።

ይህ ቃል በሌላ ሴት ጆሮ ቢገባ ኖሮ ምናልባት በሌላው ጆሮ ይወጣ ነበር። የየሻሽወርቅ ቤት ግን ያረጀ ቁስል ነበረበት። አባቷ አቶ አገኘሁ የደብረ ብርሃን ባለርስት ነበሩ፤ ርስታቸውን በአረቄ ጨርሰው፣ እናቷን በድብደባ አጉብጠው፣ በመጨረሻ ከሰው ደጃፍ ወድቀው ተገኙ። ሽማግሌ ተልኮ እርሷ ለዘውገ ስትጠየቅ ያቀረበችው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ መጠጥ በአፉ እንዳይዞር። ዘውገ ማለ። በማኅበር ቀን እንኳ ሌላው ጠላ ሲቀዳለት ለእርሱ ብርዝ ይቀዳለታል።

ከሆስፒታል ሲመለሱ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ደረሱ። ድልድዩ ላይ የሻሽወርቅ ቆም አለች።

«የት ነው የምትጠጣው?»

ዘውገ የቀለደች መስሎት ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

«የሻሽ፣ እኔን አታውቂኝም እንዴ?»

«አባቴንም አውቀው ነበር» አለችና ቀድማው ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታቸው ውስጥ ሰላይ ገባ። ስቡ አንገቱን እየተጫነው ዘውገ ሲተኛ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል፤ እርሷ ቀስ ብላ ተነሥታ አፉን ታሸታለች። ምንም አይሸታትም። ምንም አለመሽተቱ ግን ብልጠቱን ያሳመናት እንጂ ንጽሕናውን አላሳመናትም። በየጠጅ ቤቱ ሰው እየላከች አስጠየቀች፤ አየሁት የሚል ጠፋ። ያን ጊዜ ሩቅ ሰፈር ሄዶ ነው የሚጠጣው አለች።

ይባስ ብሎ እግሩ ይከዳው ጀመር። ሲሄድ ይንገዳገዳል፤ ደፍ ላይ ይደናቀፋል፤ አንድ ቀን ከገበያ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ በባዶ እግሩ መጥቶ ልብ እንኳ አላለም።

«እግሬ የእኔ አይመስለኝም፤ ይደነዝዛል» አላት። «መሬቱን ስረግጥ ጥጥ የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ።»

የሻሽወርቅ አላመነችውም። አባቷም በሰከሩ ቁጥር እግራቸውን ነበር የሚያሳብቡት። በማግሥቱ ገበያ ላይ ልቧ ሞልቶ ለባይነሽ «ይጠጣል፤ ሐኪሙ ራሱ ነገረኝ» አለቻት። ለአንድ ሰው መንገሯ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ሸማ ተራ ሁሉ አወቀ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ሻኛው በሚለው ስም ላይ ሰካራሙ የሚል ተጨመረበት።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰና የማኅበሩ ተራ እነርሱ ቤት ሆነ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ የነፍስ አባታቸውም አሉ። ጸሎቱ አብቅቶ ጽዋው ለመጪው ወር ተረኛ የሚተላለፍበት ሰዓት ሲደርስ፣ ዘውገ ጠላ የተሞላውን ጽዋ በሁለት እጁ ይዞ ተነሣ። ሁለት እርምጃ አልሄደም። እግሩ በምንጣፉ ጫፍ ተያዘና ከነጽዋው ተዘረጋ። ሸክላው ተሰበረ፤ ጠላው በነፍስ አባታቸው ቀሚስና በራሱ ጋቢ ላይ ፈሰሰ።

ባይነሽ ወደ የሻሽወርቅ አየች፤ ሌሎቹም ተከትለው አዩ። የሻሽወርቅ ደም ፊቷ ላይ ወጣ። እንግዳውን አላየች፣ ቄሱን አላየች፤ ያየችው አባቷን ነበር።

«ተነሥና ከቤቴ ውጣ» አለችው።

ዘውገ ተንበርክኮ የጽዋውን ስባሪ እየለቀመ ነበር። ቀና ለማለት አንገቱ ስለማይታዘዝለት ገላውን ሙሉ ወደ እርሷ አዞረ።

«የሻሽ፣ በሚካኤል ፊት ነው የምናገረው። በአፌ አልገባም።»

«አባቴም በሚካኤል ይምል ነበር።»

ስባሪውን መሶቡ አጠገብ ሰብስቦ አስቀመጠና፣ ጠላ እንደ ነካው ጋቢውን ለብሶ ወጣ። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ብዙ ደከሙ። «ጠጥቻለሁ በላት፤ ይቅር ትልሃለች፤ ነገሩ ይዘጋ» አሉት። ዘውገ ግን ባላደረገው ነገር ይቅርታ መለመን እንደማይችል ነገራቸው። እርሷም በበኩሏ ካላመነ አልታረቅም አለች። ሰማኒያቸው ፈረሰ። ሱቁን ለእርሷ ተወላት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሞጆ ወርዶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነጠላ ይሸጣል ሲባል ሰማች።

ዓመታት አለፉ። የሻሽወርቅ ሌላ ባል አላገባችም። ሱቁን ብቻዋን አቀናች፤ ጠይም ፊቷ ላይ መስመር ወጣ። አንዳንዴ በእንቅልፏ መካከል ያ እንደ ወናፍ ያለ ትንፋሽ የተሰማት እየመሰላት ትነቃለች። በልቧ ግን ትክክል ነኝ ትል ነበር፤ ትክክል ነኝ ማለቱም ደግፎ ያዛት።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት መነኩሲት በመቋሚያ እየተደገፉ ሱቋ ደጃፍ ደረሱ። ቢጫ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል።

«የዘውገ ሱቅ ይህ ነው ብለውኛል። እኅቱ ነኝ፤ ታንጉት። ሳልሞት ልየው ብዬ ከጎጃም መምጣቴ ነው።»

የሻሽወርቅ ክው አለች። ዘውገ ስለዚህች እኅቱ አውርቷት ያውቃል፤ ገና በልጅነቷ ከገዳም የገባች ናት ብሎ። በርጩማ አቅርባ አስቀመጠቻቸውና ውኃ ቀዳች። እማሆይ ታንጉት ጣሳውን ለመቀበል ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ። ከጆሮዎቻቸው ሥር ጀምሮ፣ በአንገታቸው ግራና ቀኝ፣ እስከ ትከሻዎቻቸው ድረስ ያ ሥጋ አለ። የግራው የቀኙን መስሎ።

ውኃው ከየሻሽወርቅ እጅ ፈሰሰ።

«እማሆይ፣ ይህ... ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ይሄ?» አሉ አንገታቸውን እየነኩ፣ እንደ ቀላል ነገር። «የእናታችን ነው እንጂ። እርሷም ነበረባት፤ አክስታችንም ነበረባት፤ ሁለቱም ዘውገ ነፍስ ሳያውቅ ሞቱ። እኔን ሲይዘኝ ዘውገ አገር ለቆ ወጥቶ ነበር፤ እርሱን ሳይምረው አይቀርም እያልኩ ስጸልይ ኖርኩ።»

«እግርዎስ?»

«ደንዝዟል። እናታችንማ ረመጥ ረግጣ የሥጋዋ ሽታ ነው የነገራት።»

የሻሽወርቅ መጠየቅ ፈራች፤ አለመጠየቅም አልቻለችም።

«እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝና... መጠጥ ቀምሰው ያውቃሉ?»

መነኩሲቷ አልተቆጡም። ጥርስ የሌለው ድዳቸውን ገልጠው ፈገግ አሉ።

«ከቁርባኑ ሌላ፣ ልጄ?»

በማግሥቱ ሁለቱ ሴቶች ከለገሃር የሞጆ ባቡር ተሳፈሩ። የሻሽወርቅ መንገዱን ሁሉ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለእማሆይ ታንጉት ነገረቻቸው። እርሳቸው ሰምተው ሲጨርሱ መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ጀመር። ምነው በሰደቡኝ አለች በልቧ።

ዘውገን ከጣቢያው ማዶ፣ ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ ሥር አገኙት። ሥጋው ከበፊቱ ብሷል፤ ወደ ጎን ለማየት ከወገቡ ጀምሮ መዞር ግድ ሆኖበታል። እኅቱን ሲያይ መጀመሪያ ያየው ፊታቸውን አልነበረም፤ አንገታቸውን ነበር። እጁን ዘርግቶ በሁለቱም ወገን ዳበሳቸው፤ እርሳቸውም የእርሱን ዳበሱ። እንዲህ ተያይዘው አለቀሱ። የሻሽወርቅ ራቅ ብላ ቆመች።

ቆይቶ ዘውገ ወደ እርሷ ዞረ።

«ደህና ነዎት? ይቀመጡ እንጂ» አላት።

በትዳራቸው ዘመን ሁሉ አንቺ ሲላት የኖረ ሰው ነው። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። እግሩ ላይ ወደቀችና በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘችው።

«በድዬሃለሁ። ማረኝ።»

«ይነሡ» አለ። «እንደያዙኝ የማውቀው በዓይኔ ስላየሁዎት ነው። አይሰማኝም።»

አልተነሣችም። እርሱም እንደገና ሲናገር ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«ይቅር ካልኩሽ ቆይቷል፣ የሻሽ። አባትሽ ያደረጉሽን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ወደ ቤትህ ተመለስ። ሁለታችሁንም ልጡራችሁ።»

«አልመለስም» አለ፣ ያለ ቁጣ። «ያን ጊዜ ማታ ማታ አፌን ስታሸቺ እንቅልፍ ይዞኝ ይመስልሽ ነበር። ነቅቼ ነበር። አሁንም ከጎንሽ ብተኛ፣ ብታሸቺም ባታሸቺም፣ እኔ ነቅቼ ነው የማድረው።»

እማሆይ ታንጉት ከወንድማቸው ጋር ቀሩ። የሻሽወርቅ በማታው ባቡር ብቻዋን ተመለሰች።

በነጋታው ሱቋን ሳትከፍት በሸማ ተራ ሱቅ ለሱቅ ዞረች። «ዘውገ አይጠጣም ነበር፤ በሽታው የእናቱ ነው፤ መነኩሲት እኅቱም አለባቸው» እያለች ላገኘችው ሁሉ ነገረች። ጣሰው ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ሰማትና «ምስኪን» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ወጣቶቹ ነጋዴዎች ዘውገ ማን እንደሆነ አያውቁም። ሽማግሌዎቹ «ሻኛው? ያ ሰካራሙ?» አሏት፤ አይደለም ስትላቸው ለባሏ ክብር የምትዋሽ መስሏቸው አዘኑላት።

በመጨረሻ ባይነሽ ዘንድ ሄደች። ባይነሽ ጥጥ እየፈለቀቀች ሁሉንም ሰማቻት።

«አንቺ ንገሪያቸው» አለች የሻሽወርቅ። «አንቺን ያምኑሻል።»

«ምን ብዬ ልንገራቸው፣ የሻሽ?» አለች ባይነሽ፣ ፍሬውን ከጥጡ እየለየች። «ይጠጣል ያልኩት አይቼው አልነበረም። ካንቺ ሰምቼ ነው።»